የማሲንቆ ደጋን ለሚገዛ፦ የቅርንጫፍ፣ የጣውላ ወይስ የቫዮሊን?

ጎንደር ላይ ማሲንቆ ሊገዛ የመጣ ሰው ሳጥኑን ያገላብጣል፣ የፍየል ቆዳውን በጣቱ መታ መታ ያደርጋል፣ መቃኛውን ያዞራል። ደጋኑን ግን እንደ ምርቃት ተቀብሎ ይሄዳል። ይህን ባየሁ ቁጥር አዝናለሁ። ከአውታሩ ድምፅ የሚያወጣው ደጋኑ ነው፤ ጥሩ ማሲንቆ በመጥፎ ደጋን ያቃስታል። ስለዚህ ደጋን ለብቻው ተመርጦ፣ አስፈላጊም ከሆነ ለብቻው ተከፍሎበት መገዛት አለበት እላለሁ።

ምርጫው ሦስት ነው። አንደኛው እርጥብ ቅርንጫፍ ተልጦ፣ ጎብጦ፣ እንደ ታሰረ የደረቀ ነው። ሁለተኛው የጎበጠው ቅርፅ ከጣውላ ላይ በመጋዝ ተቆርጦ የወጣ ነው። ሦስተኛው ከውጭ የሚመጣው የቫዮሊን ደጋን ነው።

የጣውላው ዓይን ይስባል። ለስላሳ ነው፣ ቫርኒሽ ይቀባል፣ ሁለቱ ጎኖቹ እኩል ናቸው። የቅርንጫፉ ከአጠገቡ ሲቀመጥ ሸካራና ትንሽ የተጣመመ ይመስላል። ጥንካሬያቸው ግን የተገላቢጦሽ ነው። በቅርንጫፉ ውስጥ የእንጨቱ መሥመሮች ከጫፍ እስከ ጫፍ ከጉብጠቱ ጋር አብረው ይጎብጣሉ። በጣውላው ውስጥ መሥመሮቹ ቀጥ ብለው ሲሄዱ ቅርፁ ያቋርጣቸዋል። የተወጠረው ጭራ ሁለቱን ጫፎች ቀን ከሌሊት ስለሚስብ፣ እንጨቱ የሚሰነጠቀው እነዚያ መሥመሮች ተቆርጠው በቀሩበት ቦታ ነው። ደጋኑን ወደ ብርሃን ያዙሩትና አንዱን መሥመር በጥፍርዎ ይከተሉ። ጉብጠቱ መሐል ላይ ከጎን በኩል ወጥቶ ከጠፋ፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ ይመልሱት።

የቅርንጫፍ የሆነ ሁሉ ግን ጥሩ ነው ማለት አይደለም። ሌላ ቅርንጫፍ ወጥቶበት የነበረው ጉጥ ጉብጠቱ ላይ ካረፈ ደካማ ነው። በፀሐይ ተቻኩሎ የደረቀ ከሆነ ጫፎቹ ላይ ስንጥቅ ይታያል። በደንብ ሳይደርቅ የተሸጠ ደግሞ ለእጅ ቀዝቀዝና ከበድ ይላል፤ ቤት ከገባ በኋላ ቅርፁን ይለውጣል፣ ጭራውም ይላላል። ሁለቱን ጫፎች ቀስ አድርገው ይጫኑና ይልቀቁ፤ ወዲያው ወደ ቦታው መመለስ አለበት። ከእንጨቶቹ ወይራ ጠንካራና ዕድሜው ረጅም ነው፤ ነገር ግን ከባድ በመሆኑ ሌሊቱን ሙሉ ሠርግ ላይ ለሚጫወት ሰው የእጅ አንጓ ይከብዳል። ለረጅም ጨዋታ እኔ ቀለል ያለውን እመርጣለሁ።

ስለ ጭራው ክርክር የለኝም፤ የፈረስ ይሁን። ናይለን ያምራል፣ አይበጠስም፣ ግን አውታሩን ሳይዝ ያንሸራትታል። የፈረስ ጭራም ቢሆን ዕጣን ካልተሸበት ድምፅ አያወጣም። ስለዚህ ሻጩ ዕጣን አሽቶበት አንድ ረጅም ምት ከጫፍ እስከ ጫፍ እንዲስብልዎ ይጠይቁ። ድምፁ መሐል ላይ ከተቆራረጠ ጭራው እኩል አልተወጠረም ማለት ነው።

የቫዮሊኑ ደጋን የራሱ ታሪክ አለው። ዛሬ የምናየውን ቅርፅ፣ ማለትም ወደ ጭራው በኩል የገባውን እንጨት፣ መልክ ያስያዘው እ.ኤ.አ. ከ1747 እስከ 1835 የኖረው ፈረንሳዊው ፍራንሷ ዣቪዬ ቱርት ነው። ርዝመቱ 75 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 60 ግራም ገደማ ነው። ትልቁ ጥቅሙ በብሎን መጥበቁና መላላቱ ነው። የፈረስ ጭራ እርጥበት ሲያገኝ ይረዝማል፣ ሲደርቅ ያጥራል፤ በጎንደር ክረምት ይህ ብሎን ትልቅ እፎይታ ነው። ለማሲንቆ ግን እንከን አለበት። የማሲንቆ አውታር የጭራ ጥቅል ስለሆነ ሸካራና ወፍራም ነው፤ ጠንከር ያለ ጫና ይፈልጋል። ያን ጊዜ ወደ ውስጥ የገባው እንጨት ራሱ አውታሩን ይነካል። ወደ ውጭ የጎበጠው የእኛ ደጋን ይህ ችግር የለበትም። የቫዮሊኑ ዋጋም ከሦስቱ ውዱ ነው፤ ከተጫወቱ በኋላ ሳያላሉት ካስቀመጡት ደግሞ ይበላሻል።

እንግዲህ ለጀማሪም ለአዝማሪም የቅርንጫፉን እመክራለሁ። ቫዮሊን የተማረና እጁ የለመደው ሰው፣ ለስላሳ ዜማ የሚያዘወትር ከሆነ፣ የቫዮሊኑን ቢይዝ አልቃወምም። የጣውላው ለግድግዳ ጌጥ ይበቃል፤ ለጨዋታ አልገዛውም።

የቅርንጫፉን ሲገዙ ትርፍ ጭራ አብረው ይግዙ፣ አስተሳሰሩንም ሠሪው ፊት ለፊትዎ ያሳይዎ፤ በክረምት ሲላላ እንደገና ማሰር የእርስዎ ሥራ ይሆናል። ከተቻለ በኅዳር ወይም በታኅሣሥ ይግዙ። በሐምሌ እርጥበት ተወጥሮ የታሰረ ጭራ ጥቅምት ላይ ሲደርቅ አጥሮ እንጨቱን ከልክ በላይ ይስበዋል። ለጥምቀት ከተማው በእንግዳ ሲሞላ ደግሞ ሻጩ ደጋን የሚያስመርጥበት ጊዜ አይኖረውም። የራስዎ ማሲንቆ ካለዎት ይዘውት ይሂዱና ደጋኑን በእሱ ላይ ይሞክሩት።