«እግሩ በሙሉ ተሠርቷል» የተባለ መኪና ከመግዛታችሁ በፊት

ማስታወቂያው ዓይን ይስባል። አራት በአራት መኪና ነው። ከፍ ተደርጓል፣ ትልልቅ ጎማ ገብቶለታል፣ እግሩ (ሾኩ፣ ሞላው ወይም ባሌስትራው ከነመያዣዎቹ) በሙሉ እንደ አዲስ ተሠርቷል ይላል። ዋጋውም እግሩ ካልተነካ ተመሳሳይ መኪና ብዙም አይርቅም። ሻጩ ጎንበስ ብላችሁ እንድታዩ ይጋብዛችኋል፤ «ብረቱ ወፍራም ነው፣ ብየዳውን ተመልከቱት፣ ከፋብሪካው ይበልጣል» ይላችኋል።

ቀብድ እንዳትሰጡ። ቢያንስ ይህን አንብባችሁ እስክትጨርሱ።

ከመኪናው ጋር አብራችሁ የምትገዙት የማታውቁት ሰው የበየደውን ብየዳ ነው። ፍሬን ስትይዙና ጉድጓድ ስትገቡ ሸክሙ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። ክፋቱ ደግሞ ብየዳ ከላይ አምሮ ከውስጥ ያልያዘ ሊሆን መቻሉ ነው። በሽቦ በሚበይደው በሚግ ማሽን ይህ በጣም የተለመደ ነው። አምፔሩ ካነሰ ወይም እጅ ከፈጠነ የቀለጠው ሽቦ ብረቱ ላይ ተደርቦ ይቀራል፤ ከብረቱ ጋር አይዋሃድም። መስመሩ ግን ቀጥ ያለና የተስተካከለ ነው፤ ፎቶ ላይማ ያምራል። ስለዚህ «ወፍራም ብረት ነው» የሚለው ወሬ አያጓጓችሁ። ብረት በወፈረ ቁጥር ሙቀቱን ከብየዳው ቶሎ ይነጥቃል። ትንሽ ማሽን ይዞ ወፍራም ብረት የሚበይድ ሰው ጉድ የሚሠራው በዚሁ ምክንያት ነው።

በዓይን የሚታይ ነገር የለም ማለት ግን አይደለም። የብየዳውን ዳርና ዳር ተከትላችሁ እዩ። ዋናው ብረት ተበልቶ ቀጭን ቦይ ከሠራ ስንጥቅ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ትናንሽ ቀዳዳዎች ካሉ ብረቱ ሲበየድ ዝገት፣ ቀለም ወይም ዘይት ነበረበት፣ ካልሆነም ብየዳውን ከአየር የሚከላከለውን ጋዝ ነፋስ ወስዶታል። መስመሩ የሚያልቅበት ቦታ ጎድጎድ ብሎ ከቀረም ጥሩ ምልክት አይደለም። በግራይንደር ተፈግፍጎ የለሰለሰ ብየዳ ካያችሁ ለምን እንደተፈገፈገ ጠይቁ። ውፍረቱ ይቀንሳል፣ ጉድለቱም ይሸፈናል። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስፈራኝ ግን ትኩስ ጥቁር ቀለም ነው። አሮጌ ሻንሲ ላይ ብየዳው ብቻ አዲስ ከተቀባ፣ ቀለሙ እንዲፋቅ ጠይቁ። እምቢ ካለ ጨዋታው አልቋል።

አንድ ወዳጄ ለመግዛት የተስማማበትን መኪና አብሬው ሄጄ አይቼ ነበር። የሾኩ መያዣ አዲስ ተቀብቷል። ጥጉ ላይ ግን ቀጭን የዝገት መስመር ቀለሙን ሰንጥቃ ወጥታለች። ሻጩ «ቀለም ተላጦ ነው» አለ። በቢላ ጫፍ ጫር ስናደርገው መስመሩ የብየዳውን ዳር ይዞ ቀጠለ። ሻጩ ምንም አልደነገጠም፤ «ችግር የለም፣ አሁኑኑ ይደገምላችኋል» አለ።

ይህች «ይደገምላችኋል» የምትባል ነገር ሌላ ወጥመድ ናት። ስንጥቁ እስከ ጫፉ ተፈልጎ፣ ተቆፍሮ ካልወጣ በላዩ ላይ መበየድ መደበቅ ነው። ከሥር ሆኖ መንገዱን ይቀጥላል። በዚያ ላይ ጋዝ የተሞላ ሾክ ሳይፈታ አጠገቡ ቢበየድ ሊፈነዳ ይችላል። ብረቱን በፍሬን ማጽጃ ስፕሬይ አጥቦ ወዲያው መበየድም አለ፤ ስፕሬዩ ክሎሪን ያለበት ከሆነ የብየዳው ሙቀት ወደ ፎስጂን ይቀይረዋል። ፎስጂን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለመግደያ ያገለገለ ጋዝ ነው።

አሁን ደግሞ ድርድር ወደማያስፈልጋቸው ነገሮች። ባሌስትራ፣ ሞላና ቶርሽን ባር (እየተጠማዘዘ እንደ ሞላ የሚሠራው ዘንግ) ላይ ብየዳ ካያችሁ መኪናውን ተዉት። እነዚህ በሙቀት ታክመው ጥንካሬና መለጠጥ የተሰጣቸው ብረቶች ናቸው። ሲበየዱ ከብየዳው ጎን ያለው ክፍል ተሰባሪ ይሆናል፤ ሲሰበርም ቀድሞ ጎበጥ ብሎ አያስጠነቅቅም። የመሪ ክንድ ተቆርጦ ተረዝሞ ከተበየደም ያው ነው። መኪናውን ከፍ ለማድረግ ከፊት አክስልና ከባሌስትራ መካከል የተደረበ ብሎክም እንዲሁ። ፍሬን ሲያዝ አክስሉ መጠምዘዝ ይፈልጋል፤ ብሎኩ ደግሞ የሚጠመዝዘውን ክንድ ያረዝምለታል።

ለሻጩ አንድ ጥያቄ አቅርቡለት፦ ማን በየደው፣ በምን? በኤሌክትሮድ ከሆነ ቁጥሩን ጠይቁ። 6013 ለመለኮስ ቀላል ነው፤ ለቀላል ሥራ ብዙ ሰው የሚይዘው እሱን ነው። 7018 ሃይድሮጅኑ አነስተኛ ስለሆነ ለከባድ ሸክም ይመረጣል፤ ግን ደረቅ ሆኖ መቀመጥ አለበት። ፓኬቱ ተከፍቶ እርጥበት ከጠጣ ጥቅሙ ይጠፋል፤ ብየዳው ከቀዘቀዘ በኋላም ሊሰነጠቅ ይችላል። እውነተኛ በያጅ ስለዚህ ሲጠየቅ ወሬው አያልቅበትም። አይኤስኦ 9606 በሚባለው መስፈርት ተፈትኖ ከሆነማ ወረቀቱን ራሱ ያወጣላችኋል። «ጓደኛዬ ነው የሠራው፣ ጎበዝ ነው» የሚለው መልስ ለእኔ መልስ አይደለም።

አሁንም ልባችሁ ከመኪናው ጋር ከሆነ በቀለም አስመርምሩት። ብየዳው ይጸዳል፣ ቀይ ፈሳሽ ይረጭበታል፣ አሥር ደቂቃ ያህል ይቆያል፣ ይጠረጋል፣ ከዚያ ነጭ ዱቄት ይነፋበታል። ስንጥቅ ካለ ቀይ መስመር ሆኖ ብቅ ይላል። ዋጋው ከመኪናው አንጻር ኢምንት ነው። የሚያሳየው ግን ላይ ድረስ የተከፈተ ስንጥቅን ብቻ ነው፤ ውስጥ ያልተዋሃደውን አይነግራችሁም። ለዚያ አልትራሳውንድ ያስፈልጋል።

የፍሬን ቱቦው አለመወጠሩን፣ መሪው ወደ መሃል መመለሱን፣ ለውጡ ለኢንሹራንስ መነገሩን በዚያው እግረ መንገድ ተመልከቱ።

ዋጋ ላይ ስትደርሱ እንዲህ አስሉ፦ መኪናው እግር የለውም። የተበየደውን ቆርጦ ማውጣት፣ ሻንሲውን ማስተካከል፣ ዋናውን ዕቃ መግዛትና መግጠም ከአዲስ ሥራ ይበልጣል እንጂ አያንስም። ሻጩ «ይህን ያህል ወጥቶበታል» ብሎ የሚጨምርባችሁ ገንዘብ እናንተ ለማስፈረስ የምትከፍሉት ነው።

ቀድማችሁ የገዛችሁ ደግሞ ከፈጣን መንገድ አውጡትና ሥራውን በሚያውቅ ሰው አስፈትሹት። እስከዚያው ፍሬን ስትይዙ ከሥር «ጓ» የሚል ድምፅ ካለ፣ መኪናው ወደ አንድ ጎን የሚስብ ከሆነ፣ ወይም አንዱ ጎማ ከሌላው ይልቅ ወደ ፓራፋንጎው ከተጠጋ አቁሙ። ወደ ጋራዥ የሚሄደው እየተነዳ ሳይሆን ተጭኖ ነው።