የአባዬን ቮልስ አዲስ ዓለም ላደረሱልን መካኒክ

እኚህን ሰው በአካል ብዙ ጊዜ አመስግኛቸዋለሁ። ግን ቮልስ ይዞ የሚንገላታ ሰው አሁንም ብዙ ስለሆነ በአደባባይም ልመስክርላቸው ብዬ ነው።

መኪናው ሰማያዊ 1300 ቮልስ ነው። አባዬ በ1963 ዓ.ም. ነው የገዛው። እኔና ወንድሞቼ የኋላ ወንበር ላይ ተደራርበን ያደግንበት ነው። እሑድ ጠዋት በአምቦ መንገድ ይዞን ይወጣ ነበር። ገፈርሳ ግድብ ጋ ቆመን ዝይ እናያለን። ሆለታ ወተት እንጠጣለን። አዲስ ዓለም ማርያምን ተሳልመን እንመለሳለን። ኋላ አባዬን ጉልበቱ ከዳው፣ መኪናውም ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሶ ቀረ። ስምንት ዓመት ሙሉ።

አምና ላስነሳው ቆርጬ ተነሳሁ። መጀመሪያ የወሰድኩት ጋራዥ ሞተሩ ወርዶ ካልተበተነ አይሆንም አለኝ። የጠራልኝን ዋጋ ስሰማ እግሬ ተሳሰረ። ለአባዬ ምን ብዬ ልንገረው?

ቡራዩ ያሉትን ሽማግሌ የጠቆመችኝ ጎረቤታችን ናት። ጋራዣቸው በቆርቆሮ የታጠረች ትንሽ ግቢ ናት። ስገባ ሁለት ቮልስና አንድ ፊያት 600 ቆመዋል። ጋሼ ምንም ሳይፈቱ መጀመሪያ "አስነሺው" አሉኝ። ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ጋ ጎንበስ ብለው አዳመጡ። ከዚያ ቤንዚኑን በብልጭታ የሚለኩሱትን ካንዴላዎች አንድ በአንድ አውጥተው መዳፋቸው ላይ ደረደሩልኝ። አራቱም ጥቀርሻ መስለዋል።

"ልጄ፣ ሞተሩ ጤነኛ ነው፤ ታፍኖ ነው እንጂ" አሉኝ።

ነገሩን ቁጭ አድርገው አስረዱኝ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ አየሯ ስስ ነው። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ሲመጣ ቤንዚን ያበዛል። ሞተሩ ያንን ሁሉ አቃጥሎ አይጨርሰውም፣ ያጠቁራል፣ ዳገት ላይ ይለግማል። ላዩ ላይ ደግሞ ስምንት ዓመት የቆመ ታንከር ዝገት አለ። ታንከሩን አጠቡ፣ ካርቡሬተሩን አጽድተው አስተካከሉ፣ ፑንቲናውን (ለካንዴላዎቹ መብራት የሚያቋርጠውን ዕቃ) እና የፍሬን ጎማዎቹን ቀየሩ። የቀየሩትን አሮጌ ዕቃ ሁሉ በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጡኝ። ይህን የሚያደርግ ጋራዥ ከዚያ በፊት አላጋጠመኝም።

ቫልቩን ሬጅስትሮ ለማድረግ፣ ማለትም ክፍተቱን ለማስተካከል ግን "እዚሁ ይደር" አሉኝ። ክፍተቱ የሚለካው ሞተሩ በደንብ ሲቀዘቅዝ ነው። በነጋታው ጠዋት 0.15 ሚሊ ሜትር ላይ አስተካከሉት። ሲነሳ ድምፁን ብትሰሙት! ልጅነቴ መጣብኝ።

መኪናውን ወዲያው ይዤ ልሄድ ስል "ቆይ" አሉኝ። የኋላውን ኮፈን ከፍተው ቺንጋውን (የሞተሩን ቀበቶ) አሳዩኝ። ቮልስ ውሃ የለውም፣ የሚቀዘቅዘው በአየር ነው። ዲናሞውንም ማራገቢያውንም የምታዞረው ያቺው አንዲት ቺንጋ ናት። ከተበጠሰች ቀይ መብራት ይበራል። "ያንን መብራት ካየሽ አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ እንዳትነጂ" አሉኝ። ቺንጋውን ሦስት ጊዜ አስፈትተው አስገጠሙኝ። ትርፍ ቺንጋ፣ 21 ቁልፍና ካቻቢቴ የፊት ሻንጣው ውስጥ አስቀመጡልኝ።

በጥቅምት አባዬን ከጎኔ አስቀምጬ ወጣሁ። ገፈርሳ ሳንደርስ ታሪኩን ጀመረ። አጼ ምኒልክ ማገዶ ስላለቀባቸው ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ አስበው ነበር፣ መንገዱም ያኔ ነው የተሠራው፣ ኋላ ባሕር ዛፍ መጥቶ አዲስ አበባን አተረፋት ይላል። የመጀመሪያዋ መኪና በ1900 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስትገባ ይሄ መንገድ ቀድሟት ነበር። መቶ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። መቶ አንደኛውን ለመስማት ነበር ዓመቱን ሙሉ የደከምኩት።

መናገሻን አለፍ እንዳልን ቀዩ መብራት በራ።

ዳር ይዤ አጠፋሁ። ለጋሼ ደወልኩላቸው። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፦ "ሞተሩ እጅ ያስነካል?" አያስነካም። "እንግዲያው ቡና ጠጡና ተመለሺ" አሉኝ። ወጨጫ ተራራ ፊት ለፊታችን ነው፣ ጤፉ ገና አረንጓዴ ነው፣ የአካባቢው ልጆች "ቮልስ! ቮልስ!" እያሉ ከበቡን። ሲበርድ ካቻቢቴውን ፑሌጃው (ቺንጋው የሚዞርበት መዘውር) ላይ ካለው ጎድጓዳ አስገብቼ ያዝኩ፣ በ21 ቁልፍ ዳዶውን ፈታሁ፣ ሮንዴላዎቹን (ቀጫጭን የብረት ቀለበቶቹን) በቅደም ተከተል ሸራ ላይ ደረደርኩ፣ አዲሷን ቺንጋ አስገባሁ። በአውራ ጣቴ ስጫናት አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ገባች። ልክ እንዳሳዩኝ። አባዬ በሩን ከፍቶ እግሩን አውጥቶ ያየኝ ነበር። ምንም አላለም፣ ግን መሀረቡን አውጥቶ የእጄን ግራሶ ጠረገልኝ።

ከሆለታ ወዲያ አስፋልቱን ትተን ትንሽ በፒስታ ሄድን። ጋሼ ኮረኮንች ላይ ሁለተኛ ማርሽ ይበቃሻል ብለውኝ ነበር፣ ሞተሩ የኋላ ጎማ ላይ ስለተጫነ መሬት ይቆነጥጣል። እውነትም አልለገመም። ማርያም ደጅ ስንደርስ አባዬ ከመኪናው ሳይወርድ ለረጅም ጊዜ ተሳለመ።

ስመለስ የቺንጋውን ብር ልሰጣቸው ብል እምቢ አሉኝ። ስማቸውን እንዳልጽፍም አደራ ብለውኛል። አሮጌ ቮልስ ወይም ፊያት ያላችሁ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ እሰጣችኋለሁ። የአዳዲስ መኪና ሥራ አይቀበሉም። ወረፋ አላቸው፣ ደውሎ መሄድ ይሻላል። ከቻላችሁ መኪናውን ከዋዜማው አድርሱላቸው፣ ጠዋት በቀዝቃዛው እንዲያዩት።