በእጅ የሚያዘው የድሮ ጌም ማጫወቻ፦ ከስምንት ወር በኋላ

ይህን ማሽን የገዛሁት ለሦስት ጌም ብዬ ነው። ኮንትራ፣ ቴትሪስ እና የመጀመሪያው ሱፐር ማሪዮ። ሻጩ ግን የሚያወራው ስለ አምስት ሺህ ጌም ነበር። ስምንት ወር በየቀኑ ማለት ይቻላል ከያዝኩት በኋላ፣ ሊገዛ ላሰበ ሰው የምለው ይህ ነው፤ ብዛቱን ተዉት፣ የግራ አውራ ጣታችሁ የሚያርፍበትን ቁልፍ እዩ።

መጀመሪያ ዕቃውን ላስተዋውቅ። ኪስ ውስጥ የሚገባ፣ 3.5 ኢንች ስክሪን ያለው ማጫወቻ ነው። ቻይና የተሠራ። ከዱባይ የመጣ ዘመድ ነው ያመጣልኝ። ስሙን አልጠራም፤ እሱን የሚመስሉ ብዙ ስላሉ የምናገረው ለአብዛኞቹም ይጠቅማል።

ልጅ ሳለሁ ቤታችን የነበረው የፋሚኮም ቅጂ ነው። ፋሚኮም ኒንቴንዶ የሚባለው የጌም ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1983 ጃፓን ውስጥ ያወጣው ማሽን ነው (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶችም እ.ኤ.አ. ናቸው)። እኛ ይህን አናውቅም ነበር። "ጌም" ነው የምንለው፣ አለቀ። ካሴቱ እምቢ ሲል አውጥተን እፍ እንልበትና መልሰን እንሰካዋለን። የሚሠራው እኮ እፍታው አልነበረም፤ ነቅሎ መሰካቱ ነው። ያኔ ይህን ብትነግሩኝ አላምንም ነበር።

ወደ ስክሪኑ ልግባ፤ በጣም የወደድኩት እሱን ነው። 640 በ480 ነጥብ ነው። የፋሚኮም ምስል 256 በ240 ነው። በሁለት ሲባዛ 512 በ480 ይሆናል። ከላይ እስከ ታች ልክክ ይላል፣ ግራና ቀኝ ብቻ ትንሽ ጥቁር ይቀራል። ማሽኑ ሲመጣ ግን ሙሉ ስክሪኑን እንዲሞላ ተደርጎ ነው። ያኔ ምስሉ ወደ ጎን ሁለት ተኩል እጥፍ ይለጠጣል። ግማሽ ነጥብ የሚባል ነገር ስለሌለ አንዱ ነጥብ ሁለት፣ ጎረቤቱ ሦስት ቦታ ይይዛል። ማሪዮ ሲሮጥ ጡቡ ሁሉ የሚርገበገብ ይመስላል። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ይህን ቀይሩት። የመጀመሪያው ቀን ሥራችሁ ይሁን።

ከቀየርኩት በኋላ ማሪዮን እንደ አዲስ ነው ያየሁት። ሰማይ ላይ ያለው ደመናና መሬት ላይ ያለው ቁጥቋጦ አንድ ሥዕል ናቸው። ቀለማቸው ብቻ ነው የተለየው። ጎን ለጎን ሲሆኑ ቆም ብላችሁ እዩዋቸው፤ ጉብታቸው ሳይቀር አንድ ነው። የኒንቴንዶው ጌም ሠሪ ሺገሩ ሚያሞቶና ባልደረቦቹ በ1985 ጌሙን በጠቅላላው 40 ኪሎባይት ውስጥ ነው ያስገቡት። ዛሬ በስልካችን የምናነሳት አንዲት ፎቶ ከዚያ በብዙ እጥፍ ትበልጣለች። 32 ደረጃ፣ ሙዚቃው፣ ጠላቱ፣ ውኃው፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ነው። ሰዎቹ ቦታ ሲጠባቸው ደመናውን አረንጓዴ ቀብተው መሬት ላይ አስቀመጡት። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ ቁልፉ። በመስቀል ቅርጽ የተሠራችውን የአቅጣጫ ቁልፍ ያመጣት ጉንፔ ዮኮይ የሚባል የኒንቴንዶ ሰው ነው። በ1982 የወጣች ዶንኪ ኮንግ የምትባል የኪስ ጌም ላይ ነው የተጠቀመባት። የድሮ ጌም ሁሉ እሷ ላይ ነው የቆመው። የእኔ ማሽን ላይ ያለችው ግን ስትመጣ ችግር ነበረባት። ቀኝ ስጫን የላዩን አቅጣጫም አብራ ትነካለች። ኮንትራ ላይ ይህ ማለት ወታደሩ ፊት ለፊት መተኮሱን ትቶ በሰያፍ ወደ ላይ ይተኩሳል ማለት ነው። ጥይቱ ከጠላት ራስ በላይ ያልፋል። ቴትሪስ ላይ ደግሞ ወደ ግራ ልወስዳት ያልኳት ድንጋይ ሳላስበው ወደ ታች ትሮጣለች።

ሁለት ሳምንት ጣቴ ነው ጥፋተኛው ብዬ ታገስኩ። ከዚያ ካቻቪቴ አንስቼ ብሎኖቹን ፈታሁ። ቁልፏ ሥር ለስላሳ ጎማ አለ። ከጎማው ሥር ደግሞ ቦርዱ ላይ አራት ክብ መነካኪያዎች አሉ። ጎማው በጣም በቀላሉ ነው የሚነካው። ናስትሮ በቀጭኑ ቆርጬ በእያንዳንዱ መነካኪያ ጠርዝ ላይ ለጠፍኩ፤ መሃሉን ክፍት ተውኩት። ከዚያ ወዲህ ሆን ብዬ ካልተጫንኩ በስተቀር አይነካም። ሃያ ደቂቃ አልፈጀም። ስምንት ወር ሙሉ ከሠራሁለት ነገር ሁሉ የበለጠ ለውጥ ያመጣው ይህ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት መሞከር ከቻላችሁ ኮንትራን ክፈቱና ቀኝን ተጭናችሁ አሥር ሰከንድ ተኩሱ። ጥይቱ ቀጥ ብሎ ከሄደ ግዙት።

ሌላው ትልቅ ችግር ሚሞሪው ነው። አብሮት የመጣው ሚሞሪ ካርድ በሦስተኛው ወር ሞተ። አንድ ቀን ማታ ከፈትኩት፣ ጥቁር። ሁለት ወር የለፋሁበት ዜልዳ የሚባል ጌም አብሮ ሄደ። በጣም ነው ያዘንኩት። ዕቃው እንደመጣላችሁ ሚሞሪውን ኮምፒውተር ላይ ገልብጡ፣ የተሻለ ሚሞሪ ገዝታችሁ በሱ ተጠቀሙ። ስለ አምስት ሺሁ ጌምም ልናገር። አንዱ ጌም በአምስት ስም ተደጋግሞ ነው ቁጥሩ የሞላው። አብዛኛውም ያለ ባለቤቶቹ ፈቃድ የተጫነ ነው፤ ይህ አይመቸኝም፣ ስትገዙ እናንተም እወቁት። አዲሱ ሚሞሪ ላይ አርባ ገደማ ብቻ ነው ያለው። ሠሪዎቻቸው ራሳቸው በነፃ የለቀቋቸው አዳዲስ ጌሞችም አሉበት።

ያልጠበቅኩት ጥቅም ካርቱን ነው። ማሽኑ ቪዲዮ ያጫውታል። የድሮ አጫጭር ካርቱኖች ስክሪናቸው እንደ ዛሬው ቴሌቪዥን ሰፊ አይደለም፤ ከዚህ ስክሪን ጋር ልካቸው ነው። አሜሪካ ውስጥ የቅጂ መብታቸው ያበቃ ብዙ አሉ። በ1938 በኮሚክ መጽሔት የመጣው ሱፐርማን ከ1941 እስከ 1943 ድረስ 17 አጭር ካርቱን ተሠርቶለታል። እነሱን ማታ ማታ ተኝቼ ነው ያየኋቸው። ጥላው ብቻውን ሊታይ የሚገባው ነው። እያንዳንዱ ሥዕል በእጅ ተስሎ፣ ግድግዳ ላይ የሚያልፈው ጥላ ሳይቀር ተለክቶ።

ባትሪው አምስት ሰዓት ይቆይ ነበር፤ አሁን አራት ተኩል ገደማ ነው። መብራት ሲጠፋ ቤታችን ውስጥ ተፈላጊው ዕቃ እሱ ነው። ባለፈው ማታ መብራት ጠፍቶ የዘጠኝ ዓመቷ የእህቴ ልጅ ኮንትራ ትጫወት ነበር። ላይፉ ሁሉ አለቀ።

"ጋሼ፣ ከሞትኩበት አይቀጥልም እንዴ?"

"አይ፣ ከደረጃው መጀመሪያ ነው።"

ማሽኑ የትም ቦታ ላይ ሴቭ ማድረግ ይችላል። አልነገርኳትም። ኮንትራ ላይ ሴቭ ካለ ፍርሃቱ አይኖርም፤ ፍርሃቱ ከሌለ ጌሙ የለም። በምትኩ የድሮውን ኮድ አስተማርኳት። ላይ ላይ ታች ታች ግራ ቀኝ ግራ ቀኝ ቢ ኤ። ሠላሳ ላይፍ። ኮዱን ያስገባው ካዙሂሳ ሃሺሞቶ የሚባል፣ ኮናሚ የተባለው የጌም ኩባንያ ሰው ነው። ግራዲየስ የሚባለውን ጌም ሲሠራ በጣም ስለከበደው ለራሱ መሞከሪያ ብሎ ነው። እሷ ሁለቴ ተሳሳተች፣ በሦስተኛው ያዘችው። ፊቷ ላይ የወረደውን የስክሪን ብርሃንና ፈገግታዋን አልረሳውም።

ቴሌቪዥን ላይም ይሰካል። ግን ተጭናችሁ እስኪዘል ትንሽ ይዘገያል። ቴሌቪዥናችሁ ላይ ጌም ሞድ የሚባለውን ሴቲንግ ስታበሩ ይሻላል።

አንድ ጌም ብቻ በምንም አልሠራ አለኝ። የዳክዬ አደኑ፣ ባለ ሽጉጡ። ልጅ ሆነን ሽጉጡ ጥይት የሚልክ ይመስለን ነበር። ነገሩ ተቃራኒው ነው። ቃታውን ስትስቡ ስክሪኑ ለቅጽበት ይጠቁራል፣ ዳክዬው ያለበት ቦታ ላይ ነጭ ሳጥን ይበራል። ሽጉጡ አፉ ላይ ባለው ዓይን ያንን ብርሃን ያያል። ብርሃኑ በትክክለኛዋ ቅጽበት ካልመጣ አላየም፣ ሳታችሁ። የአሁን ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ይዘገይበታል። የሚሠራው ጀርባው ባበጠው በድሮው ቴሌቪዥን ብቻ ነው።

የድሮውን ማሽንና ሽጉጡን እናቴ ካርቶን ውስጥ አስቀምጣልኝ ነበር፤ አግኝቼዋለሁ። ቴሌቪዥኑ ነው የቀረው። በየሳምንቱ ቅዳሜ በሰፈራችን የሚያልፈውን ቆራሌ አስቁሜ፣ ምስል የሚያሳይ ካገኘህ ሳትፈታው አምጣልኝ ብዬዋለሁ። ስልኬን ጽፎ ሄዷል።