የኪራይ ቴሌስኮፕ ከድሬዳዋ፦ አስትሮይድ ለሚከታተል ሰው ያዋጣል?

በኢንተርኔት ቴሌስኮፕ የሚያከራይ ድርጅት ደንበኛ ከሆንኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው። አገልግሎቱ እንዲህ ነው። ድርጅቱ በአውስትራሊያ፣ በስፔንና በቺሊ ቴሌስኮፖች ተክሏል። እኔ ድሬዳዋ ሆኜ በላፕቶፕ እገባለሁ፣ ሰዓት እይዛለሁ፣ ቴሌስኮፑ ወዴት እንደሚዞርና ስንት ሰከንድ እንደሚያነሳ እጽፋለሁ። ምስሉ ተነስቶ ይጠብቀኛል። አብዛኛው ደንበኛ የሚከራየው ለጋላክሲና ለኔቡላ (የጠፈር ጋዝና አቧራ ደመና) ፎቶ ነው። እኔ የተከራየሁት ወደ መሬት የሚቀርቡ አስትሮይዶችን፣ ማለትም ፀሐይን የሚዞሩ የጠፈር ዓለቶችን፣ ለመለካት ብቻ ነው። ግምገማዬም ከዚያ አንጻር ነው። ቆንጆ ፎቶ ለሚፈልግ ሰው መልሴ ሌላ ይሆን ነበር።

ወደዚህ ነገር የሳበኝ 2024 ዋይአር4 የተባለው አስትሮይድ ነው። ዲሴምበር 27 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. አትላስ ከሚባሉት አስትሮይድ ፈላጊ ቴሌስኮፖች ቺሊ ያለው አገኘው። በፌብሩዋሪ 2025 ደግሞ በ2032 መሬትን የመምታት ዕድሉ 3.1 በመቶ ደረሰ ተባለ። የግቢያችን እማማ ሳይቀሩ «ልጄ፣ እውነት ሊወድቅብን ነው?» አሉኝ። በቀናት ውስጥ ቁጥሩ ወርዶ ወርዶ ወደ ዜሮ ተጠጋ። «ተሳስተው ነው» ያለው ሰው ብዙ ነበር። አልተሳሳቱም። መጀመሪያ ላይ ምሕዋሩ (ፀሐይን የሚዞርበት መንገድ) በደንብ ስላልታወቀ፣ በዚያ ቀን አስትሮይዱ ሊገኝበት የሚችለው ቦታ በጣም ሰፊ ነበር። መሬት ደግሞ እዚያ ውስጥ ነበረች። አዲስ ልኬት በመጣ ቁጥር ያ ሰፊ ቦታ ይጠባል። መሬት ገና ውስጡ እስካለች ድረስ ዕድሉ ይጨምራል። ከውስጡ በወጣች ጊዜ ደግሞ ይወድቃል። ሁሉንም የሚወስነው ልኬት ነው። አንድ ሰው በአንድ ሌሊት፣ አስትሮይዱ በስንት ሰዓት ከስንት ሰከንድ ላይ የት እንደነበረ በትክክል ሲጽፍ ማለት ነው።

አዲስ አስትሮይድ ማግኘት ዛሬ በአመዛኙ የትልልቆቹ የፍለጋ ቴሌስኮፖች ሥራ ነው። አሪዞና ካታሊና አለ፣ ሃዋይ ፓን-ስታርስ አለ፣ አትላስ አለ። አሁን ደግሞ ቺሊ የተተከለው የቬራ ሩቢን ቴሌስኮፕ መጣ። በጁን 2025 የመጀመሪያ ምስሎቹ ሲወጡ፣ ከ10 ሰዓት ገደማ ምስል ብቻ 2,104 ያልታወቁ አስትሮይዶች ተገኝተው ነበር። ለእኛ የሚተርፈው ክትትሉ ነው። አዲስ ነገር ሲታይ አሜሪካ ማሳቹሴትስ የሚገኘው የትንንሽ ፕላኔቶች ማዕከል በማረጋገጫ ዝርዝሩ ላይ ያወጣዋል። ከዚያ በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ ሌላ ሰው ካልለካው ሊጠፋ ይችላል። ትንሽ ከሆነ ደግሞ ቶሎ ይደበዝዛል።

ጎረቤታችን ሱዳን ላይ የሆነውን ብቻ ማስታወስ ይበቃል። ኦክቶበር 6 ቀን 2008 እ.ኤ.አ. ከካታሊና ቴሌስኮፖች አንዱ 2008 ቲሲ3 የተባለውን፣ 4 ሜትር ገደማ የሚሆን አስትሮይድ አገኘ። ከ20 ሰዓት ገደማ በኋላ ኑቢያ በረሃ ሰማይ ላይ ፈነዳ። በዚያች አጭር ጊዜ ባለሙያውም አማተሩም ተረባርቦ 26 ታዛቢ ጣቢያዎች ለኩት። የሚወድቅበት ቦታ አስቀድሞ የታወቀው በዚያ ነው። በኋላ የካርቱም ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በረሃውን በእግራቸው አስሰው ስብርባሪውን ለቀሙት። ከመውደቁ በፊት ሰው በጠፈር ያየው፣ ከወደቀ በኋላም በእጁ የያዘው የመጀመሪያው አስትሮይድ ይህ ነው። ከኛ ሰማይ ብዙም አይርቅም። ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር እጄ ወደ ላፕቶፑ ይሄዳል።

ወደ አገልግሎቱ ልመለስ። ለድሬዳዋ ሰው ትልቁ ጥቅሙ ሰዓቱ ነው። የምሥራቅ አውስትራሊያ ሌሊት የኛ ቀን ነው። በሰኔ እዚያ ሰማዩ ሙሉ በሙሉ የሚጨልመው እኛ ጋ ቀን ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ነው። በታኅሣሥ ግን እስከ ስምንት ሰዓት ገደማ መጠበቅ አለባችሁ። የድሬን ቀትር የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ሱቁ ይዘጋል፣ መንገዱ ጭር ይላል፣ ሰው ሙቀቱን ሽሽት ቤቱ ይገባል። እኔ በዚያ ሰዓት አውስትራሊያ ላይ ሌሊት እሠራለሁ። የስፔኑ በኛ ምሽት ይከፈታል፣ የቺሊው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ወዲህ እስከ ረፋድ። ከሦስቱ አንዱ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ጨለማ ውስጥ ነው። በዚያ ላይ የደቡቡን ሰማይ የሚከታተል ሰው ቁጥሩ ትንሽ ነው። ስለዚህ ከአውስትራሊያና ከቺሊ የሚላክ ልኬት ይፈለጋል።

ሁለተኛው ጥቅም መብራት ነው። እዚህ መብራት ቢጠፋ ቴሌስኮፑ አይቆምም። ትእዛዙ አንዴ ከገባ በኋላ ሥራው እዚያው ይሠራል። መብራት ሲመጣ ምስሉን አወርዳለሁ። የራሴ ቴሌስኮፕ ጣሪያ ላይ ቢኖረኝ ኖሮ ካሜራውም ሞተሩም አብረው ይጠፉ ነበር።

ኢንተርኔቱ ግን ኪስ ይጎዳል። በዚህ በኩል ያለውን ማንም አስቀድሞ አልነገረኝም፣ ስለዚህ ዘርዘር ላድርገው። 4,096 በ4,096 ፒክሰል የሆነ አንድ ምስል ሳይታመቅ ከ33 ሜጋባይት ይበልጣል። አንድን ደብዛዛ አስትሮይድ ለመለካት ደግሞ ሠላሳ ምስል ማንሳት የተለመደ ነው። ያ አንድ ጊጋባይት ማለት ነው። በሞባይል ጥቅል ይህን በየቀኑ ማውረድ አይቻልም። መፍትሔው ካሜራው አራት ፒክሰል ወደ አንድ እንዲያዋህድ ማዘዝ ነው። ፋይሉ ወደ ሩብ ይወርዳል። ልኬቱ ትንሽ ይሸረፋል እንጂ ለዚህ ሥራ ይበቃል። የታመቀውን ፋይል አውርዱ፣ ከተቻለም ሌሊት።

ለምን ሠላሳ ምስል ትሉ ይሆናል። አስትሮይዱ ይሮጣል። በደቂቃ ሦስት አርክ ሰከንድ የሚሄደውን (አንድ አርክ ሰከንድ የአንድ ዲግሪ 3,600ኛ ክፍል ነው) አምስት ደቂቃ ሙሉ ብታነሱት ነጥብ መሆኑ ይቀርና መስመር ይሆናል። የመስመር መሀል ደግሞ በትክክል አይለካም። ስለዚህ ሃያ ሃያ ሰከንድ ታነሳላችሁ። ከዚያ አስትሮሜትሪካ በሚባለው ሶፍትዌር ምስሎቹን በአስትሮይዱ ፍጥነት ልክ እያንሸራተታችሁ ትደራርባላችሁ። ከዋክብቱ ተዘርግተው መስመር ይሆናሉ። ምንም ያልነበረበት ቦታ ላይ አንዲት ነጥብ ትወጣለች። እስካሁን ይህን ባየሁ ቁጥር ደስ ይለኛል። ሶፍትዌሩ አሮጌ ላፕቶፕ ላይም ይሠራል። የከዋክብቱን አቀማመጥ ከጋያ ሳተላይት ካታሎግ ወስዶ ያመሳክራል። ቢያንስ ሦስት ልኬት ታዘጋጁና ለማዕከሉ ትልካላችሁ። ቴሌስኮፖቹ የየራሳቸው ከፊደልና ከቁጥር የተሠራ ባለ ሦስት ምልክት የታዛቢ ኮድ ስላላቸው እናንተ አዲስ ኮድ ማውጣት አይጠበቅባችሁም። ይህ ብቻውን የብዙ ወር ልፋት ያስቀራል።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። አንደኛ፣ ከቴሌስኮፖቹ የአንዱ ሰዓት ለተወሰኑ ሌሊቶች ዘግይቶ ነበር። ለጋላክሲ ፎቶ ይህ ምንም አይደለም። ለኛ ግን በደቂቃ 60 አርክ ሰከንድ በሚሮጥ አስትሮይድ ላይ የአንድ ሰከንድ የሰዓት ስህተት የአንድ አርክ ሰከንድ የቦታ ስህተት ነው። ያወቅኩት ምሕዋሩ በሚገባ የታወቀ ፈጣን አስትሮይድ ለክቼ ሳመሳክር ነው። ለድርጅቱ ጻፍኩ። መልሱ ዘገየ። በኋላ አስተካከሉት፣ ግን ለደንበኞች ማስታወቂያ አላወጡም። ይህ በጣም አበሳጭቶኛል። ሰው ያንን ሌሊት ለክቶ ልኮ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ምክሬ ግልጽ ነው፦ አዲስ ነገር ከመለካታችሁ በፊት የታወቀ ፈጣን አስትሮይድ ለኩ።

ሁለተኛ፣ አቅሙ ውስን ነው። ግማሽ ሜትር ገደማ በሆነው ቴሌስኮፕ፣ ምስል ደራርቤም፣ ከ20ኛው የብሩህነት ደረጃ ብዙም አላልፍም (ቁጥሩ በጨመረ መጠን ነገሩ ይደበዝዛል)። በማረጋገጫው ዝርዝር ላይ ከሚወጡት ብዙዎቹ ከዚያ የደበዘዙ ናቸው። 2024 ዋይአር4 ራሱ ወሬው ዓለምን ሲያዳርስ ርቆ ደብዝዞ ለትልልቆቹ ቴሌስኮፖች ብቻ የቀረ ሆኖ ነበር። ስለዚህ ዝርዝሩን ከፍቶ ደመቅ ያለውን መምረጥ ግድ ነው። ሁሉንም እደርስበታለሁ ብሎ የሚገባ ሰው የኪራይ ነጥቡን፣ ማለትም የከፈለበትን የቴሌስኮፕ ጊዜ፣ በከንቱ ይጨርሳል።

ሦስተኛው ክፍያው ነው። ትንሹ ጥቅል በወር 20 ዶላር አካባቢ ነው። ብር በጁላይ 2024 ዋጋው ለገበያ ተለቆ ከመውረዱ በፊት ይህ 1,150 ብር ገደማ ነበር። ዛሬ ከ2,500 ብር በላይ ነው። ለመምህር ደመወዝ ቀላል አይደለም። የአገር ውስጥ ካርድ ስላላስኬደኝ ውጭ ያለ የአክስቴ ልጅ ይከፍልልኛል። እኔ እዚህ ለእናቱ እሰጣለሁ። ደመና ሲሆን የኪራይ ነጥቡ ይመለሳል፣ ይህ ጥሩ ነው። ጨረቃ ሙሉ በሆነችበት ሰሞን ቅናሽ አለ፣ ግን የጨረቃ ብርሃን ደብዛዛውን ስለሚውጥ ለኛ ብዙም አይጠቅምም። አሁን ከሁለት የቀድሞ ተማሪዎቼ ጋር እንካፈለዋለን። አንዷ ለመደራረቡ ከእኔ ትበልጣለች። ሳቢያን ሰፈር ካለው ቤቷ ሆና የላከችው ልኬት በማዕከሉ ሰርኩላር ላይ የወጣ ቀን ስልኬ ላይ ጮኸች። «ቲቸር፣ ገባ! አቦ ገባ!» አለችኝ።

የራስ ቴሌስኮፕ ይሻላል ወይ ለሚለው፦ ለልጆች፣ ለዓይን፣ ለሳተርን ቀለበት፣ አዎ፣ ምንም አይተካውም። ለልኬት ግን ካሜራው፣ ሞተሩ፣ ቀረጡና የድሬ አቧራ ሲደማመር ኪራዩ ያዋጣል። ኤፕሪል 13 ቀን 2029 እ.ኤ.አ.፣ በኛ ሚያዝያ 5 ቀን 2021 ዓ.ም.፣ አፖፊስ ከመሬት 32,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያልፋል። አይመታንም። ከአፍሪካ ያለ ምንም መሣሪያ በዓይን ይታያል። ለዚያ ምሽት ቴሌስኮፕ መከራየት አያስፈልግም፣ ጣሪያ ላይ መውጣት ይበቃል።

ደንበኝነቴን አድሳለሁ፣ ግን በጋራ። ብቻችሁን ከሆናችሁ ትንሹን ጥቅል ለአንድ ወር ሞክሩ፣ በአውስትራሊያው ጀምሩ። ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ደግሞ ይህን ሞክሩ፦ ዓለም አቀፉ የአስትሮይድ ፍለጋ ትብብር ለተመዘገቡ ቡድኖች የፓን-ስታርስን ምስሎች በነፃ ይሰጣል። የሚሠራውም በዚያው በአስትሮሜትሪካ ነው። እዚያ እጃችሁን ካፍታታችሁ በኋላ የምትከፍሉት እያንዳንዱ ብር ሰማይ ላይ ይውላል። ድሬ ወይም ሐረር ያላችሁና ወጪውን መካፈል የምትፈልጉ ንገሩኝ። ለሦስት የከበደው ለስድስት ይቀላል፣ የቺሊውን ሌሊት የሚይዝ ሰው ደግሞ እስካሁን የለንም።