የመንጋጋ መገጣጠሚያ ቀዶ ጥገና፦ በጥርስ ኢንሹራንስ ወይስ በጤና ኢንሹራንስ?

አሜሪካ ውስጥ መንጋጋው እየተንቋቋ አፉን መክፈት ያቃተው ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ጥርስ ሐኪም ጋ ነው። ስለዚህ የሕክምናውን ሂሳብም የጥርስ ኢንሹራንሱ የሚችለው ይመስለዋል። ነገሩ ቀዶ ጥገና ላይ ከደረሰ ግን ተስፋ የሚጣለው በጤናው ኢንሹራንስ ላይ ነው።

ትልቁ ልዩነት ጣሪያው ነው። አብዛኛው የጥርስ ኢንሹራንስ በዓመት ከ1,000 እስከ 2,000 ዶላር ከፍሎ ያቆማል። ቀሪው የእርስዎ ዕዳ ነው። የጤናው ደግሞ የሚገድበው እርስዎ የሚያወጡትን ነው። በ2025 የኦባማኬር ፕላን ኔትወርክ ውስጥ፣ ማለትም ከፕላኑ ጋር ውል ባላቸው ሐኪሞችና ሆስፒታሎች ዘንድ፣ ለሚሸፈን ሕክምና አንድን ሰው ከኪሱ የሚያስወጣው ቢበዛ 9,200 ዶላር ነበር። ይህም ቀላል ገንዘብ አይደለም። ግን መገጣጠሚያው በሰው ሠራሽ ሲተካ የሆስፒታሉ፣ የማደንዘዣውና የዕቃው ሂሳብ ይደመራል። እዚያ ላይ 2,000 ዶላር የትም አያደርስም።

ሐኪሙ ለኢንሹራንሱ ሂሳብ ሲልክ የሚጽፈው የሕክምና ኮድም ይለያያል። የጥርሱ ሲዲቲ ይባላል፣ በ"ዲ" ፊደል ይጀምራል። የጤናው ሲፒቲ ነው፣ ባለ አምስት አኃዝ። መገጣጠሚያውን ከፍቶ መጠገን በጥርሱ ዲ7865፣ በጤናው 21240 ነው። በሰው ሠራሽ መተካት 21243፣ በካሜራ ገብቶ ማከም 29804 ነው። ጤናው ጋ የበሽታው ኮድም አብሮ መሄድ አለበት። ኤም26.6 ብሎ ይጀምርና ቀኝ፣ ግራ ወይስ ሁለቱም የሚለውን ይለያል።

የጤና ኢንሹራንስ ስል ግን የትኛውም ይሁን ማለቴ አይደለም። ቲኤምጄን፣ ማለትም የመንጋጋ መገጣጠሚያን ሕክምና፣ ጭራሽ የማይሸፍኑ ፕላኖች አሉ። ከመፈረምዎ በፊት "የማይሸፈኑ" የሚለውን ገጽ ያንብቡ፤ አሰልቺ ነው፣ ግን ያንብቡት። ቨርጂኒያ ያለ ሰው ትንሽ ይሻለዋል። የስቴቱ ሕግ ኢንሹራንሶች የመንጋጋን መገጣጠሚያ ከሌላው የሰውነት መገጣጠሚያ አሳንሰው እንዳይሸፍኑ ይከለክላል። ሚኒሶታም የራሷ ሕግ አላት። ችግሩ፣ መሥሪያ ቤትዎ የሠራተኛውን ሕክምና ከራሱ ካዝና የሚከፍል (ሰልፍ ፈንድድ) ከሆነ የስቴት ሕግ አይነካውም። ካርዱ ላይ የትልቅ ኢንሹራንስ ስም ስላለ ደግሞ አይታወቅም። "ፕላናችን ሰልፍ ፈንድድ ነው ወይ?" ብለው ኤችአርን (የሠራተኛ አስተዳደሩን) ይጠይቁ።

የጥርሱ ኢንሹራንስ ታዲያ ምን ይረባል? ማታ ማታ ጥርስ ላይ ለሚደረገው መከላከያ፣ ለስፕሊንት (ኮዱ ዲ7880)፣ ሊጠቅም ይችላል። እሱንም ሁሉም አይሸፍነውም። ለቀዶ ጥገናው ብሎ አዲስ የጥርስ ፕላን መግዛት ግን ለእኔ ገንዘብ ማባከን ነው። ለትልልቅ ሥራዎች ወራት የሚያስጠብቁም ብዙ ናቸው።

አንድ ወጥመድ ይቀራል። የመንጋጋ ቀዶ ሐኪሙ የጥርስ ኢንሹራንስዎ ኔትወርክ ውስጥ ሆኖ፣ የጤናው ውስጥ ላይኖር ይችላል። ቢሮው ደውለው "ኢንሹራንሴን ትቀበላላችሁ?" ካሉ "አዎ" ይሉዎታል። የትኛውን እንደሆነ ለይተው ይጠይቁ፤ ለሲፒቲ ኮዱም ከጤናው ኢንሹራንስ የቅድሚያ ፈቃድ በጽሑፍ ያስመጡ።