ልጅ የማይታይበት የመምህርነት ሥልጠና

አራት ኪሎ አካባቢ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሰጠው ይህ ሥልጠና ዓላማው የሚያስመሰግን ነው። በልደታ፣ በቂርቆስና በአዲስ ከተማ የተቸገሩ ቤተሰቦችን ልጆች በማጠናከሪያ ትምህርት የሚያግዙ በጎ ፈቃደኞችንና ጀማሪ መምህራንን ያዘጋጃል። ስምንት ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 2፡30 እስከ 6፡30፣ በድምሩ 32 ሰዓት ይፈጃል። ሠልጣኙ እውነተኛ ልጆች ፊት የሚቆመው ግን በመጨረሻው ቅዳሜ ነው፤ ያውም ለ20 ደቂቃ።

ሌላው ልምምድ በሙሉ ማይክሮ ቲቺንግ ነው። አንዱ ያስተምራል፣ የቀሩት ሠልጣኞች ተማሪ ሆነው ይቀመጣሉ። ዘዴው ድምፅን፣ የሰሌዳ አጻጻፍንና የሰዓት አያያዝን ለማረም ይጠቅማል። ችግሩ፣ ዲግሪ የያዘ «ተማሪ» እስክሪብቶ ረሳሁ አይልም፣ አያንቀላፋም፣ የጎረቤቱን ላጲስ አይቀማም። ስለዚህ የ40 ደቂቃው ዕቅድ፣ 5 ለመግቢያ፣ 15 ለማብራሪያ፣ 15 ለክፍል ሥራ፣ 5 ለማጠቃለያ፣ ሁልጊዜ ይሳካል። 60 ልጅ ባለበት እውነተኛ ክፍል ግን ደብተር አስወጥቶ ቀንና ርዕስ ማስጻፍ ብቻውን 7 ወይም 8 ደቂቃ ይበላል። ሞጁሉ፣ ማለትም የሥልጠናው መጽሐፍ፣ ይህን ጊዜ የትም አላስገባውም፤ የሚቆረጠውም ሁሌ ከክፍል ሥራው ነው።

የሥልጠናው ምርጥ ክፍል የንባብ ደረጃ ምደባው ነው። ፕራታም የተባለው የህንድ ድርጅት ካስፋፋው አሠራር የተወሰደ ሲሆን፣ ልጆች በክፍላቸው ሳይሆን በሚችሉት መጠን ይመደባሉ፦ ፊደል የማይለይ፣ ፊደል የሚለይ፣ ቃል የሚያነብ፣ አንቀጽ የሚያነብ፣ ታሪክ የሚያነብ። ልጁ ለብቻው ተጠርቶ ያነባል፤ ለአንዱ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ይበቃል። ለ60 ልጅ ከሁለት ሰዓት በላይ ስለሚሄድ ሁለት ሰው ሆኖ መሥራት ያስፈልጋል፤ አሠልጣኞቹ ይህን ደጋግመው መናገራቸው ትክክል ነው። አራተኛ ክፍል ደርሶ ፊደል ያልለየ ልጅ ከሁለተኛ ክፍሎች ጋር ሲቀመጥ እንዳያፍር ካርድ አዳይ፣ ጠመኔ ያዥ የማድረጉ ምክርም ከብዙ የሥነ ልቦና ገጽ ይበልጣል።

መመዘኛ ወረቀቱ ላይ ግን ስህተት አለ። ፊደሎቹ ከሀ እስከ ሆ፣ ከለ እስከ ሎ በተርታ ተደርድረዋል። ልጁ በዜማ የሸመደደውን ይወርደዋል፣ መዝጋቢውም «ይለያል» ብሎ ያልፋል። ጣት ሬ ላይ አድርጋችሁ ጠይቁት፤ ከረ ጀምሮ እየቆጠረ ብቻ ከደረሰባት አያውቃትም ማለት ነው። 33ቱን በሰባት ብናባዛ 231 ስለሚሆን ሁሉንም መጠየቅ አይቻልም። 25 ያህል ፊደል አዘበራርቆ፣ ሐምስና ሳድስን አብዝቶ፣ ሰና በን፣ ቀና ተን፣ ደና ጀን፣ ጸና ጰን አቀራርቦ ማስቀመጥ ነው። የቄስ ትምህርት ቤት የኔታዎች ይህን ከጥንት ያውቁታል፤ ሀሁ ከተቆጠረ በኋላ አቡጊዳ ሄውዞ የሚያስቆጥሩት ተርታውን ለመስበር ነው። ህንድ ድረስ ሄዶ ዘዴ ያመጣ ሥልጠና የደጃፉን መርሳቱ ያስገርማል።

የትምህርት መርጃ ዝግጅቱ በጣም ጥሩ ነው፤ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር የለበትም። የለስላሳ ቆርኪ ተሰብስቦ ይታጠባል፣ ጥርሱ ጣት እንዳይቆርጥ በመዶሻ ይጠፈጠፋል፣ ፊደል ይጻፍበታል። ሞጁሉ ብረቱ ላይ በማርከር ጻፉ ይላል፤ ያ ቀለም በላብ እጅ በአጭር ጊዜ ይለቃል። ወረቀት ቆርጦ ለጥፎ ከላይ በፕላስተር መሸፈን ይሻላል። ለአራት ልጅ 40 ቆርኪ ይበቃል፤ ሳድስ ፊደሎችን ግን ሁለት ሁለት አድርጉ፣ አለዚያ «ልብስ» ተጽፎ «ብርድ» ሲመጣ ብ ላይ ጠብ ይነሳል።

እርማት ላይ የቀረበው ስሌትም የሚሠራ ነው። 60 ደብተር በአንድ ቀን ማረም አይቻልም፤ በቀን 12 ከታረመ በአምስት ቀን ሁሉም ይዳረሳል። ተራው ግን አስቀድሞ ለልጆቹ መነገር የለበትም፤ ከተነገረ የሚሠሩት በተራቸው ቀን ብቻ ነው።

ሥነ ሥርዓት ላይ ሥልጠናው የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36 ጠቅሶ አካላዊ ቅጣት ክልክል መሆኑን ይናገርና ያበቃል። በምትኩ ምን ይደረግ የሚለው የለም። ውጤቱ የታወቀ ነው፦ ሠልጣኙ አለንጋውን ትቶ ወደ ማንበርከክ ይዞራል፤ ያም አካላዊ ቅጣት ነው። ወይም የክፍል አለቃውን «ረባሽ» እያለ ስም ያስጽፈዋል፣ አለቃውም የተጣላውን ልጅ ስም ይጽፋል። የመቀመጫ አቀማመጥ፣ ፊት ለፊት ሳይሆን በረድፎች መካከል እየሄዱ ማስተማር፣ ቀድሞ ለጨረሰ ልጅ ተጨማሪ ሥራ ማዘጋጀት፤ ለእነዚህ አንድ ሙሉ ቅዳሜ ይገባቸው ነበር።

ሞጁሉ ከተማዋን በደንብ አላያትም። በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ቁርስና ምሳ ይሰጣል፣ ምገባው ግን የትምህርት ቀን ነው፤ ቅዳሜ ማጠናከሪያ የሚመጣ ልጅ ባዶ ሆዱን ሊሆን ይችላል። ከባዱን ትምህርት ከ3፡30 በፊት መጨረስ ወይም ዳቦ ማዘጋጀት የግድ ነው። በኮሪደር ልማቱ ከመሀል ከተማ ወደ ዳር የተዛወሩ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። የስም ዝርዝሩ በመንፈቅ መሀል ይቀየራል፤ የምደባ ፈተናውም አዲስ ለመጣ ልጅ ሁሉ እንደገና መሰጠት አለበት። ቤቱ ኦሮምኛ ወይም ጉራጊኛ የሚናገር ልጅ ቃሉን አንብቦ ትርጉሙን ላያውቅ እንደሚችልም አልተነሳም።

አዳራሹ ጠባብ ነው፣ ሻይ አለ፣ ክፍያው የሞጁል ኮፒ ብቻ ነው። ሰርተፊኬቱ ፒጂዲቲን፣ ማለትም የድኅረ ምረቃ የመምህርነት ዲፕሎማን፣ አይተካም፤ ለቅጥር ብላችሁ አትመዝገቡ። በእጃችሁ የምታስተምሩት ቡድን ካለ ግን ግቡበት፣ ቅዳሜ የተማራችሁትን በሳምንቱ ሞክሩት። ከሌለ ከመመዝገባችሁ በፊት በአቅራቢያችሁ ያለ ትምህርት ቤት ገብታችሁ ርዕሰ መምህሩን አነጋግሩ፤ በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ከኋላ ተቀምጦ ለማየት ብዙዎቹ እምቢ አይሉም።