«እብነ በረድ ነው» ተብሎ የተሸጠልኝ የፋየርፕሌስ ዙሪያ፦ ቤት ለምታድሱ ወገኖች የተጻፈ ማስጠንቀቂያ

ይህን ጽሁፍ የምጽፈው ሜሪላንድ ውስጥና በአካባቢው አሮጌ ቤት ገዝታችሁ ሳሎኑን ለማደስ ለተነሳችሁ፣ በተለይም ብርዱ ሳይገባ የፋየርፕሌሱን፣ ማለትም ግድግዳው ውስጥ የተሠራውን የእሳት ምድጃ፣ ዙሪያ በአዲስ ድንጋይ አስለብሳለሁ ብላችሁ ዋጋ በማጠያየቅ ላይ ለምትገኙ ወገኖች ነው። ባለፈው መስከረም እኔም እንዲሁ አድርጌ ነበር። በ6,900 ዶላር የተዋዋልኩበት ሥራ አራት ወር እንኳ ሳይሞላው ፈርሶ ተጥሏል። ጥፋቱ ሁሉ የሠሪው ነው አልልም፤ ድንጋዩ ከምን እንደተሠራና ከእሳቱ ምን ያህል እንደሚርቅ አንድም ጊዜ ሳልጠይቅ፣ ነጭ ይሁን ግራጫ፣ ጠርዙ ይታጠፍ ወይስ ቀጥ ይበል እያልኩ ሦስት ሳምንት የተከራከርኩት እኔ ነኝ።

ቤታችን ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በ1960ዎቹ የተሠራ የጡብ ቤት ነው። የሳሎኑ ፋየርፕሌስ በጋዝ ወይም በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሳይሆን እንጨት የሚነድበት እውነተኛ ምድጃ ሲሆን፣ አፉ 36 ኢንች ስፋትና 28 ኢንች ቁመት አለው። ዙሪያው ጥላሸት የጠጣ ጡብ ስለነበረ ባለቤቴ በነጭ እብነ በረድ እንዲለብስ፣ ከላዩም እዚህ ማንትል የሚሉት ወፍራም የእንጨት መደርደሪያ እንዲዘረጋ ፈለገች። ሠሪውን ያገኘነው ማኅበር ላይ ነው። ያገር ልጅ ነው፣ የእነ እገሌን ወጥ ቤት አሳምሮ ሠርቷል ተባለልን፤ ከዚያ በኋላ «የሥራ ፈቃድህን አሳየኝ» ማለት ነውር መስሎ ታየኝ።

ድንጋዩን ለማየት ወደ አንድ መጋዘን ይዞን ሄደ። ግራጫ ጅማት ያለው፣ እንደ መስታወት የሚያበራ ነጭ ገበታ አሳየን። እውነተኛ እብነ በረድ ስለመሆኑ ስጠይቀው ከኪሱ ግማሽ ሎሚ አውጥቶ ገበታውን በጀርባው ገለበጠና ጥቂት ጠብታ ጨመቀበት። ድንጋዩ ሺ ብሎ ትንንሽ አረፋ አወጣ። «ይኸው ይመልከቱ ጋሼ፣ እብነ በረድ ባይሆን አረፋ አያወጣም ነበር» አለኝ። እኔም አመንኩት፤ ሎሚ እብነ በረድን እንደሚበላ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁና።

ማታለያው የተደበቀው እዚህ ላይ ስለሆነ በዝርዝር ላስረዳ። እብነ በረድ በአብዛኛው ካልሳይት የሚባል ማዕድን ስለሆነ አሲድ ሲነካው አረፋ ማውጣቱ እውነት ነው። ነገር ግን በፋብሪካ የሚሠራው አስመሳይ እብነ በረድ፣ ብዙ ጊዜ የመታጠቢያ ቤት ገበታ የሚሆነው፣ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ በፖሊስተር ሬዚን፣ ማለትም በፕላስቲክ ሙጫ ተለውሶ በቅርጽ ማውጫ ውስጥ የሚፈስ ነው። ፊቱ በሚያብረቀርቅ የሬዚን ሽፋን ስለሚለበጥ ሎሚ አይነካውም፤ ጀርባው ግን ሽፋን የለውምና በውስጡ ያለው የኖራ ድንጋይ ዱቄት እንደ እውነተኛው አረፋ ሊያወጣ ይችላል። ሰውየው ገበታውን የገለበጠው ለዚህ ነበር። ሎሚው የተንጠባጠበው በተወለወለው ፊት ላይ ቢሆን ኖሮ፣ እውነተኛው እብነ በረድ በደቂቃዎች ውስጥ ደብዝዞ ጠባሳ ያወጣ ነበር፤ አስመሳዩ ግን ምንም አይሆንም። ስለዚህ ሻጩ ቁራጭ እንዲሰጣችሁ ጠይቁና ፊቱን በሎሚ፣ ጀርባውን ደግሞ በምድጃ ላይ በጋለ መርፌ ፈትኑ። ድንጋይ ለመርፌ አይበገርም፤ ሬዚን ያለበት ግን የተነካው ቦታ ይቃጠላል፣ የፕላስቲክ ሽታም ይሸታል።

እኔ ይህን የተማርኩት ዘግይቼ ነው። የመጀመሪያውን እሳት ያነደድነው በኅዳር ነበር። በሦስተኛው ምሽት የምድጃው አፍ የላይኛው ቀኝ ጥግ እንደ ሻይ ቀለም ብጫ ሆነ፤ ቤቱን የሞላው ሽታም የእንጨት ጭስ ሳይሆን የተቃጠለ የፕላስቲክ እጀታ ዓይነት ሽታ ነበር። ልጄ ጋራዥ ውስጥ የተረፈ ቁራጭ አመጣችልኝ። የባለቤቴን የልብስ መርፌ በፒንሳ ይዤ በጋዝ ላይ አጋልኩና በቁራጩ ጀርባ ጫንኩት፤ የነካው ቦታ ተቃጠለ፣ ያው የፕላስቲክ ሽታም ወጣ።

ኳርትዝ ተብሎ የሚሸጠውን ሰው ሠራሽ ገበታም በዚሁ ዓይን እዩት። ለወጥ ቤት ጠረጴዛ ጥሩ ዕቃ ሊሆን ይችላል፤ አብዛኛው ክፍሉ የተፈጨ የኳርትዝ ድንጋይ ነውና። ቀሪው ማያያዣ ግን ሬዚን ነው። ከ150 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ጀምሮ ሊጠቁር ወይም ሊሰነጠቅ ስለሚችል ብዙ አምራቾች ሙቀት ለሚያደርሰው ጉዳት ዋስትና አይሰጡም። «ከወጥ ቤትዎ የተረፈው ገበታ ለፋየርፕሌሱ ይበቃል፣ በነፃ እለጥፍልዎታለሁ» የሚል ሠሪ ቢያጋጥማችሁ፣ ነፃ የሚባለው ነገር በኋላ ማን እንደሚከፍልለት ጠይቁ። በነገራችን ላይ አውስትራሊያ ከጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ይህን በፋብሪካ የሚሠራ ድንጋይ መሥራትና መሸጥ ከልክላለች፤ ምክንያቱ እሳት ሳይሆን ሲቆረጥ የሚወጣው የሲሊካ ዱቄት የቆራጮቹን ሳንባ በማይድን በሽታ ማጥቃቱ ነው። የእኛ ሰው ድንጋዩን መኪና ማቆሚያችን ላይ ያለ ውኃና ያለ ጭምብል ሲቆርጥ ውሎ መኪናዬን ነጭ ዱቄት አልብሶት ነበር። ማንኛውም ድንጋይ ሲቆረጥ በውኃ ይቆረጥ።

ታዲያ ምን ይመረጥ? ግራናይት ሙቀትን በደንብ ይችላል፤ ጠንካራ ስለሆነ የቢላ ጫፍ አይጭረውም፣ እብነ በረድን ግን ይጭረዋል። ፖርሰሊን ታይል ራሱ በ1,200 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሙቀት የተተኮሰ ሸክላ ስለሆነ የምድጃ ዙሪያ ሙቀት አያስጨንቀውም፤ ዋጋውም ከሁሉ ረከስ ይላል፣ የእብነ በረድ መልክ የታተመበትም ሞልቷል። ሶፕስቶን የሚባለው ጥቁር ግራጫ ድንጋይ ሙቀት ይዞ የሚቆይ በመሆኑ እሳቱ ከጠፋ በኋላም ሳሎኑን ያሞቃል፤ ነገር ግን ለስላሳ ስለሆነ በቀላሉ ይጫራል። እውነተኛ እብነ በረድም ቢሆን ለዙሪያው አይከፋም፤ ለወለሉ ግን አልመክርም። እኛ ዘንድ ከምድጃው ፊት ያለው ወለል ረከቦት የሚቀመጥበት ቦታ መሆኑ አይቀርም፤ ነጭ እብነ በረድ ደግሞ የፈሰሰበትን ቡና ጠጥቶ ያስቀራል። ጡቡን እንዳለ አጽድቶ መተውም አንድ ምርጫ ነው፤ ዛሬ ቢጠይቁኝ የማስቀድመው እሱን ነበር።

ከድንጋዩ ይልቅ ያስደነገጠኝ ግን ማንትሉ ነው። ሽታው ካሳሰበን በኋላ የጠራነው የጭስ ማውጫ ጠራጊ ገና እንደገባ ሜትሩን አውጥቶ ከምድጃው አፍ እስከ እንጨቱ ድረስ ለካ፤ 10 ኢንች ነበር። እንጨቱ ወደ ፊት የወጣው ደግሞ 9 ኢንች ነው። በአብዛኛው የአሜሪካ ግዛት መሠረት የሆነው የመኖሪያ ቤት የግንባታ ኮድ ለእንዲህ ዓይነቱ የጡብ ፋየርፕሌስ የሚለው ግልጽ ነው፦ የሚቃጠል ነገር ከአፉ 6 ኢንች ውስጥ ከቶ አይቀመጥም፤ እስከ 12 ኢንች ባለው ርቀት ውስጥ ደግሞ ለእያንዳንዱ የርቀት ኢንች ከአንድ ኢንች አንድ ስምንተኛ በላይ ወደ ፊት መውጣት የለበትም። በዚህ ስሌት የእኔ እንጨት ሊወጣ የሚፈቀድለት አንድ ኢንች ተኩል እንኳ ሳይሞላ አንድ ኢንች ከሩብ ብቻ ነበር። ጠራጊው እጄን ከማንትሉ በታች እንዳደርግ ነገረኝና እንጨቱ ከነቀለሙ ሲግል በእጄ አስነካኝ። እንጨት ለዓመታት ደጋግሞ ሲሞቅ ተፈጥሮው ተለውጦ ከቀድሞው ባነሰ ሙቀት የሚቀጣጠል ስለሚሆን፣ ዘንድሮ አልነደደም ማለት ለከርሞ ዋስትና አይሆንም። ፋብሪካ ሠራሽ የብረት ፋየርፕሌስ ያላችሁ ደግሞ ርቀቱን የሚወስነው የአምራቹ መመሪያ ነው፤ የሞዴሉ ቁጥር ብዙ ጊዜ በእሳቱ ሳጥን ውስጥ በተለጠፈ የብረት ሰሌዳ ላይ ይገኛል።

ስለ ስታይል ስትመርጡም ይህን ልኬት ይዛችሁ ምረጡ። ምስል ላይ የምታዩት ሰፊና ወፍራም ማንትል ምድጃው ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ፣ እሳቱም እንጨት ይሁን ኤሌክትሪክ አይነግራችሁም። ከምድጃው አፍ በላይ ከ12 ኢንች በታች ቦታ ካላችሁ፣ ወይ ቀጭን የድንጋይ መደርደሪያ ውሰዱ ወይም ማንትሉን ተዉት።

ሠሪው «ለዘመናዊነት» ብሎ ያፈረሰው ሌላ ነገር አለ፤ ከምድጃው ፊት የነበረውን የጡብ ወለል ቆርጦ አሳጠረውና የእንጨቱን ወለል ወደ እሳቱ አስጠጋው። የእኔ ምድጃ አፍ ሰባት ካሬ ጫማ ነው። አፉ ስድስት ካሬ ጫማና ከዚያ በላይ ከሆነ የማይቃጠለው ወለል ቢያንስ 20 ኢንች ወደ ፊት፣ 12 ኢንች ደግሞ በግራና በቀኝ መዘርጋት አለበት፤ ካነሰ 16 እና 8 ይበቃል። እሱ ያስቀረልኝ 14 ኢንች ነበር። ፍም ተፈናጥሮ የሚወድቀው በትክክል እዚያ ላይ ነው።

ሲፈርስ ደግሞ ከድንጋዩ ጀርባ ያገኘነው ተራ ድራይዎል ነበር፤ ፊቱ ወረቀት የሆነው የጂፕሰም ሰሌዳ። ድንጋዩም የተለጠፈው በሲሚንቶ ማጣበቂያ ሳይሆን በባልዲ በሚሸጠው፣ ለመታጠቢያ ቤት ታይል በተለመደው ማስቲክ ነው። የምድጃው አፍ አካባቢ ሲሚንቶ ቦርድና የሲሚንቶ ማጣበቂያ እንጂ ወረቀትና ሙጫ ቦታ የላቸውም። ይህን በዓይናችሁ ለማየት ጊዜው አጭር ነው፤ ድንጋዩ ከተለጠፈ በኋላ ማንም አያየውም። ሥራው በሚሠራበት ቀን ከቤት አትጥፉ፣ ከመለጠፉ በፊት ፎቶ አንሡ።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ። የተዋዋልነው በአንድ ገጽ ወረቀት ነው፤ ስለ ዕቃው የሚለው «ነጭ ድንጋይ» ብቻ ነበር። ቀብድ ብሎ ግማሹን፣ 3,450 ዶላር በጥሬ ገንዘብ ተቀበለኝ፤ ደረሰኝም አልሰጠኝ። የሜሪላንድ ሕግ ግን የቤት ማሻሻያ ሠሪ ከውሉ ዋጋ ከሲሶ በላይ ቀብድ እንዳይቀበል ይከለክላል፤ በእኔ ሁኔታ ከ2,300 ዶላር ማለፍ አልነበረበትም። ውሉም በጽሁፍ ሆኖ የሠሪውን የፈቃድ ቁጥር፣ ሥራው የሚጀመርበትንና የሚያልቅበትን ግምታዊ ቀን፣ የሚገቡትንም ዕቃዎች መግለጽ አለበት። ፈቃዱን የሚሰጠው የሜሪላንድ የቤት ማሻሻያ ኮሚሽን ነው፤ የሠሪውን ስም በኢንተርኔት ፈልጎ ማጣራት አምስት ደቂቃ አይፈጅም። እኔ ያጣራሁት ከተቃጠልኩ በኋላ ነው፤ ስሙ የለም። ኮሚሽኑ የተጎዱ ደንበኞችን የሚክስበት ፈንድ አለው፤ የሚክሰው ግን ፈቃድ ያለው ሠሪ ያጠፋውን ብቻ ነው። ፈቃድ የሌለውን ከቀጠርክ፣ በዚያ ፈንድ በኩል ገንዘብህን የምታስመልስበት መንገድ የለህም።

ለሠሪው ስደውልለት መጀመሪያ «ጋሼ፣ ማገዶው እርጥብ ሆኖብዎት ነው» አለኝ፤ ቀጥሎ «ያመጣልኝ ሻጭ አታልሎኝ ነው» አለ፤ ከዚያ ስልክ ማንሳት አቆመ። ሽማግሌ ላክንበት፣ ግማሹን ልመልስ ብሎ ቃል ገባ፣ እስካሁን የመለሰው 500 ዶላር ነው። ለካውንቲው የሸማቾች ጥበቃ ቢሮ አቤቱታ አስገብቻለሁ። ስሙን እዚህ የማልጽፈው ጉዳዩ ገና በመታየት ላይ ስላለ ነው፤ እባካችሁ በውስጥ መስመርም አትጠይቁኝ።

ሥራው አልቆላችሁ እሳት ለማንደድ የምትጠብቁ ካላችሁ፣ መጀመሪያ ሜትር ያዙና ከአፉ እስከ ማንትሉ፣ ከአፉ እስከ እንጨቱ ወለል ለኩ። ቁጥሩ ከላይ ካልኩት ካነሰ፣ የጭስ ማውጫ ጠራጊ መጥቶ ሳያየው ክብሪት አትጫሩ። እኛ አሁን ፈቃድ ካለው ሌላ ግንበኛ ጋር ተዋውለናል። የውሉ ሦስተኛ መስመር እንዲህ ይላል፦ «ዙሪያው፣ ጥቁር ግራናይት፣ 3 ሴንቲሜትር ውፍረት፣ ከባለቤቱ ጋር ከተፈረመበት ናሙና ጋር አንድ ዓይነት»። የተፈረመበት ናሙና እኔ ዘንድ ነው፤ በሎሚም በመርፌም ተፈትኗል።